እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ ልጅዎ በየትኛው ደረጃ ይማራል?



ልጅዎ በእስራኤል ትምህርት ቤት ሲገባ እርስዎም ሆኑ መምህራኑ አስቀድማችሁ የምታስቡት ስለ ዕብራይስጥ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ዕብራይስጥ ሳያውቁ ሌላውን ትምህርት መከታተል አይቻልምና። ነገር ግን በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ስለ ሌላ ቋንቋም ውሳኔ ይሰጣል። ይኸውም ልጁ እንግሊዝኛን በየትኛው ደረጃ እንደሚማር ነው። ብዙ ወላጆች ይህ ውሳኔ መሰጠቱን የሚያውቁት ልጁ 12ኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ለመለወጥ በጣም ያስቸግራል።

ሃክባጻ እና ይሂዶት

ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ባለው ትምህርት ቤት (ሃቲቫት ቤናይም) ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ እንደ ችሎታቸው በቡድን ይከፈላሉ። ይህ ቡድን ሃክባጻ ይባላል። ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል (ቲኾን) ደግሞ ተማሪው ለባግሩት ፈተና በ3፣ በ4 ወይም በ5 ይሂዶት ይዘጋጃል። ይሂዳ የትምህርቱ መጠን መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ትምህርቱም ይከብዳል። እንግሊዝኛ ለባግሩት የምስክር ወረቀት ግዴታ ከሆኑት ትምህርቶች አንዱ ሲሆን ፈተናው በጽሑፍም በቃልም ይሰጣል።

ልጁ ባግሩት ካገኘ ይሂዳው ሦስት ሆነ አምስት ምን ለውጥ አለው? ይሉ ይሆናል። ለውጥ አለው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ለመቀበል ቢያንስ የ4 ይሂዶት እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። ከዚህም በላይ የባግሩት አማካይ ውጤት ሲሰላ ለከፍተኛው ደረጃ ተጨማሪ ነጥብ (ቦኑስ) ይሰጣሉ፤ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ለ5 ይሂዶት 25 ነጥብ፣ ለ4 ይሂዶት 12.5 ነጥብ ነው። ለምሳሌ በ5 ይሂዶት 80 ያገኘ ተማሪ 105 እንዳገኘ ይቆጠርለታል። በ3 ይሂዶት 95 ያገኘው ግን 95 እንደያዘ ይቀራል። እንግዲህ ልጅዎ ከፍ ያለ ቁጥር የተጻፈበት የውጤት ወረቀት ይዞ ቢመጣ፣ ደስ ከመሰኘትዎ ጋር «በስንት ይሂዶት ነው?» ብለው ይጠይቁት።

በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም (ፕሲኾሜትሪ) ከሦስቱ ክፍሎች አንዱ እንግሊዝኛ ነው። በዚህ ክፍል ውጤቱ ከ50 እስከ 150 ይደርሳል። 134 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ኮርስ ከመውሰድ ነፃ ይሆናል። ያላገኘው ግን ከሌላው ትምህርቱ ጎን ለጎን ኮርሶቹን መማር አለበት፤ ይህም ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል።

ልጁ የከበደው እንግሊዝኛው ነው ወይስ ዕብራይስጡ?

ወላጅ በዚህ ገጽ ላይ ከሚያነበው ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

በኢትዮጵያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ተምሮ የመጣ ልጅ የባዮሎጂና የፊዚክስ መጽሐፉን ያነበበው በእንግሊዝኛ ነበር። የሰዋስው ሕግ ያውቃል፣ ቃላትም ይዟል። መናገር ግን አልለመደም፤ በአገር ቤት ከመምህሩ በቀር በእንግሊዝኛ የሚያናግረው ሰው ስላልነበረ ነው።

የእስራኤል ልጆች ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። በቴሌቪዥን የሚታዩት የውጭ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ድምፃቸው በእንግሊዝኛ ሆኖ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ከሥር ይወጣላቸዋል። ስለዚህ ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ቋንቋውን በጆሯቸው ሰምተዋል። አጻጻፋቸው ደካማ የሆነ እንኳ ሳያፍሩ ይናገራሉ። መምህሩም የለመደው እንዲህ ያለውን ተማሪ ነው።

አሁን አዲሱን ልጅ በክፍል ውስጥ ያስቡት። በዝቅተኛው ሃክባጻ መምህሩ ብዙውን ነገር የሚያስረዳው በዕብራይስጥ ነው። አዲስ ቃል በሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ትርጉሙም በዕብራይስጥ ከአጠገቡ ይጻፋል። ልጁ እንግሊዝኛውን ያውቀዋል፤ ያላወቀው ትርጉም ተብሎ የተጻፈውን ነው። የፈተናው መመሪያም በዕብራይስጥ ከሆነ ምን እንደተጠየቀ ስላልገባው ባዶ ወረቀት ይመልሳል። መምህሩ ዝም ያለ ልጅና ባዶ ወረቀት አይቶ «እንግሊዝኛ አይችልም» ብሎ ይጽፋል። መምህሩ በክፋት አላደረገውም። ነገር ግን የመዘነው የልጁን እንግሊዝኛ ሳይሆን ዕብራይስጡን ነው።

በአንዳንድ ከተሞች፣ ለምሳሌ በራዓናና እና በቤት ሼሜሽ፣ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ይገኛሉ። እንግሊዝኛ የቤታቸው ቋንቋ ስለሆነ ለብቻቸው «ዶቭሬ አንግሊት» በተባለ ክፍል ይማራሉ፤ በዚያ ክፍል ትምህርቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ዕብራይስጥ ይሰጣል። የእኛ ልጆች እንግሊዝኛን ከቤታቸው ይዘው አልመጡም፤ ስለዚህ ይህ ክፍል ለአብዛኞቹ ይከብዳል። ነገር ግን የእንግሊዝኛ ችሎታ ያለ ዕብራይስጥ ሊታይ እንደሚችል ከዚህ ይረዱ። ይህንኑ ለልጅዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ምን ማድረግ ይኖርብዎታል?

ልጁ ከመመደቡ በፊት፣ ተመድቦ ከሆነም በቶሎ፣ ከክፍል ኃላፊው መምህር (ሜሃኔኽ) እና ከእንግሊዝኛ ትምህርት ኃላፊው (ራካዝ) ጋር ቀጠሮ ይያዙ። በትምህርት ቤቱ የማኅበረሰባችን አገናኝ (ሜጋሼር) ካለ አብሮዎት እንዲገባ ይጠይቁ። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት፤ ስለ ራሱ ድክመት የሚነገረውን ራሱ እየተረጎመ ለእናቱ ወይም ለአባቱ መንገር ለልጅ ከባድ ነው፤ የሚያስቀረውም ነገር ይኖራል።

የዕብራይስጥ ቋንቋዎ ገና ከሆነ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይያዙ። «ካማ ይሂዶት?» ማለት «ስንት ይሂዶት ነው?» ማለት ነው። «አኒ ሜቫኬሽ ሼሁ ዪባኼን በአንግሊት» ማለት ደግሞ «በእንግሊዝኛ እንዲፈተን እለምናለሁ» ማለት ነው። ሴት ከሆኑ «ሜቫኬሼት» ይበሉ፤ ልጅዎ ሴት ከሆነች ደግሞ «ሼሂ ቲባኼን» ይበሉ። መመሪያው በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ዕብራይስጥ የሌለበት የምደባ ፈተና እንዲሰጠው ይጠይቁ። ጥያቄዎ አክብሮት የጎደለው አይደለም። በአገራችን ለመምህር መልስ መስጠት ነውር እንደሆነ እናውቃለን፤ እዚህ ግን ያልጠየቀ ወላጅ ተስማምቷል ተብሎ ይታሰባል።

ፈተናው ልጁ በእርግጥ ደካማ መሆኑን ሊያሳይም ይችላል። በገጠር የኖረ ወይም ትምህርቱ ለዓመታት የተቋረጠበት ልጅ መሠረቱ ገና ነው። እንዲህ ከሆነ በዝቅተኛው ሃክባጻ መጀመሩ አያሳፍርም፤ በማይችለው ክፍል ተቀምጦ አንገቱን ከሚደፋ ይሻላል። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ጠይቀው ይመለሱ፦ ምን ተጨማሪ ትምህርት ያገኛል? መቼ እንደገና ይፈተናል? ወደ ላይ ለመውጣት ስንት ማግኘት አለበት? ከ3 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 5 ይሂዶት የተሻገሩ ተማሪዎች አሉ፤ መሻገሩ ግን በ10ኛ ክፍል ይቀላል፣ በ12ኛ ይከብዳል። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በባግሩት ፈተና እንደ ተጨማሪ ጊዜ ያሉ ማቅለያዎችም (ሃታሞት) ስላሉ፣ ለልጅዎ የትኞቹ እንደሚገቡት የትምህርት ቤቱን አማካሪ (ዮዔጼት) ፈተናው ከመድረሱ ብዙ ወራት በፊት ይጠይቁ።

በቤት ውስጥ ልጁ አንድ ደብተር ለብቻው ይያዝ። ገጹን በሦስት ይክፈለውና እንግሊዝኛውን፣ ዕብራይስጡንና አማርኛውን ጎን ለጎን ይጻፍ። እርስዎ እንግሊዝኛ ባያውቁም አማርኛውን እየጠሩ ሊጠይቁት ይችላሉ። ማንበብ የማይችሉ ወላጅም ቢሆኑ ልጁ አማርኛውን ያንብብልዎና ሌሎቹን በቃሉ ይንገርዎ። ትርጉሙን በአማርኛ አጣርቶ የተናገረ ልጅ ቃሉ ገብቶታል ማለት ነው።

አማርኛም ራሱ የባግሩት ፈተና የሚሰጥበት ትምህርት ነው። በሁሉም ትምህርት ቤት ግን ስለማይሰጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ይህን ዕድል ባያሳልፍ መልካም ነው። ሆኖም ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አማርኛው የእንግሊዝኛውን ቦታ እንደማይሸፍንለት ይወቁ።

ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ ልጁ በኢትዮጵያ የተማረበትን የውጤት ካርድና የምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም በእጁ ካለ በእንግሊዝኛ የጻፈበትን የድሮ ደብተር ይውሰዱ። ደብተሩን ብዙ ሰው ከኢትዮጵያ ሲነሣ ጥሎት ይመጣል። ያለው ሰው ግን ለመምህሩ ያሳይ፤ ልጁ በሳይንስ ትምህርት በእንግሊዝኛ የጻፈውን አንድ ገጽ መምህሩ በዓይኑ ካየ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።