ርካሽ የኤሌክትሪክ ጊታር ለቁም ነገር ሙዚቃ ይበቃልን? ከሰሜን ሸዋ ሁኔታ አንጻር የቀረበ ምልከታ

1. መግቢያ

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለኪነት ቡድን፣ ለትምህርት ቤት ክበብ ወይም ለግል ልምምድ የኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት የሚነሣ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኘው መሣሪያ ለቁም ነገር ሙዚቃ ይበቃል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጥያቄው ከምርጫ ይልቅ የአቅም ሆኗል። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ምንዛሪ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏልና፣ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ የሚጠይቀው ብርም በዚያው መጠን ከፍ ብሏል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። በርካሽ ጊታር ላይ የሚታዩ ጉድለቶች በሦስት ይከፈላሉ፤ በእጅ ሥራ የሚቃኑ፣ በምንም የማይቃኑ፣ እንዲሁም ውድ በሆነው መሣሪያም ላይ የሚገኙ ናቸው። ገዢው እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ካወቀ፣ ዋጋ ብቻውን የብቃት መለኪያ እንደማይሆን ይረዳል።

2. የመሣሪያው ባሕርይ

በክራር ድምፅን የሚያጎላው ገበቴውና በላዩ የተወጠረው ቆዳ ነው። በመሆኑም የእንጨቱና የቆዳው ጥራት ወዲያውኑ በድምፁ ላይ ይታወቃል። ድፍን አካል ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ከዚህ ይለያል። የብረት አውታሩ ሲርገበገብ ከሥሩ የተተከለው ፒክአፕ፣ ማለትም በቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ማግኔት፣ እርግብግቢቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል፤ የሚያጎላው አምፕሊፋየሩ ነው። ስለዚህ የእንጨቱ ድርሻ በክራር ካለው እጅግ ያነሰ ነው።

ርካሽነትም ለዚህ መሣሪያ እንግዳ አይደለም። ሊዮ ፌንደር በ1950 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበውና በኋላ ቴሌካስተር የተባለው ጊታር፣ አንገቱ ከአካሉ ጋር በቡሎን የሚያያዝ፣ በፋብሪካ በብዛት እንዲመረት የታሰበ ነበር። ያው ኩባንያ በ1982 እ.ኤ.አ. በጃፓን የሚሠሩ፣ ዋጋቸው የቀነሰ ጊታሮችን ስኩዌር በሚል ስም ማቅረብ ጀመረ። የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ደግሞ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአባቱ ጋር በቤቱ የሠራው፣ አንገቱም ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት የተቀረጸው ጊታር ዕድሜውን ሙሉ ዋና መሣሪያው ሆኖ ቆይቷል።

በአገራችንም የኤሌክትሪክ ጊታር በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ቦታውን ካገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሰላም ሥዩም በአይቤክስ ባንድ፣ ቀጥሎም በሮሃ ባንድ የተጫወተው ጊታር ለዚህ ምስክር ነው።

3. በእጅ ሥራ የሚቃኑ ጉድለቶች

በርካሽ ጊታር ላይ አብዛኛው ቅሬታ የሚመነጨው ከጥሬ ዕቃው ሳይሆን ካላለቀ ሥራ ነው። ፋብሪካው ወጪ የሚቀንሰው በመጨረሻው የማስተካከያ ሰዓት ላይ ነውና።

አንዱ የብርኩማው አቀማመጥ ነው። የአውታሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር ላይ የአውታሩ ማረፊያ ከትክክለኛ ቦታው 2 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ ባዶው አውታር በትክክል ቢቃኝም በ12ኛው ፍሬት ላይ የሚገኘው ስምንተኛ ድምፅ 5 ሴንት ያህል ይስታል። ሴንት የሚባለው የአንድ ግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። 5 ሴንት የሠለጠነ ጆሮ የሚለየው ስሕተት ሲሆን፣ የሚታረመው ግን በተራ ካቻቢቴ ነው፤ የብርኩማው ብሎን ይዞራል፣ ማረፊያው ይገፋል፣ ስሕተቱም ይጠፋል።

ሁለተኛው በአንገቱ ጫፍ አውታሮቹ የሚያልፉበት መቀመጫ ነው። ስንጥቆቹ በበቂ ሁኔታ ካልጠለቁ በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ አውታሩ ሲጫን ከልክ በላይ ይወጠርና ድምፁ ይሾላል፤ ስንጥቆቹ ከጠበቡ ደግሞ አውታሩ ይያዝና ቅኝቱ አይጸናም። ጥንቃቄ ያለው እንጨት ሠሪ በቀጭን ሞረድ ያስተካክለዋል። የፍሬቶቹ ሹል ጫፎች በሞረድ፣ የላላ የሽቦ ብየዳ በሬዲዮ ጠጋኝ ካውያ፣ የሚያፏጭ ፒክአፕም በቀለጠ ሰም ሊታረሙ ይችላሉ። እነዚህ ሙያዎች በማንኛውም የዞን ከተማ አሉ።

4. የማይቃኑ ጉድለቶች

የተጠማዘዘ አንገት፣ በተሳሳተ ርቀት የተተከለ ፍሬትና የማይሠራ የአንገት ውስጥ የብረት ዘንግ ግን ከመሣሪያው ዋጋ በላይ ወጪ ይጠይቃሉ። ዘንጉ በተለይ በሰሜን ሸዋ ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በበጋ ሌሊቷ ውርጭ፣ በክረምት እርጥበት የሚበዛባት ከተማ ናት። በጥር የሠርግ ወራት ከዚህ ተነሥቶ በአንኮበር ገደል በኩል ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ባንድ በአንድ ቀን ከብርድ ወደ ሙቀት ይሻገራል። እንጨት በድርቀት ይኮማተራል፣ በእርጥበት ይለጠጣል፤ የብረት አውታርም ሲሞቅ ይላላል። ዘንጉ የሚሠራ ከሆነ አንገቱ ይስተካከላል፤ ካልሠራ ግን መሣሪያው በየወቅቱ ይበላሻል።

5. በገንዘብ የማይገዙ ነገሮች

የመጀመሪያው ቅኝት ነው። ጊታር አንድን ስምንተኛ ድምፅ በ12 እኩል እርከኖች ይከፍላል፤ በዚህ ስሌት ትልቁ ሦስተኛ ድምፅ 400 ሴንት ሲሆን፣ በንጹሕ የድምፅ ምጣኔ የሚገኘው ግን 386 ሴንት ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጆሮው መርቶ ሁለቱንም ሊያገኝ ይችላል። ማሲንቆውና ጊታሩ ትዝታን አብረው ሲጫወቱ ማሲንቆው ዝቅ ያለውን ሦስተኛ ድምፅ ከመረጠ ጊታሪስቱ ሊከተለው አይችልም፤ በፍሬት ላይ የተጫነን አውታር ገፍቶ ማሾል እንጂ ማውረድ አይቻልምና። በዚህ ረገድ ውዱና ርካሹ ጊታር እኩል ናቸው። መፍትሔው እንደ ክራር ተጫዋች አውታሮቹን ለዘፈኑ ቅኝት በጆሮ መልሶ መቃኘት ነው፤ ይህም ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ የ50 ኸርዝ መስመራችንን ጉምጉምታ በማንኛውም ዋጋ ይቀበላል። ከዚህ የሚከፋው የመሬት ሽቦ የሌለው አዳራሽ ነው። ብልሽት ባለበት አምፕሊፋየር ላይ የተሰካ ጊታር የያዘ ሙዚቀኛ ከንፈሩ ማይክራፎኑን ሲነካ በ220 ቮልት ሊመታ ይችላል። ስለዚህ የመሬት ሽቦን ማስፈተሽ ከማናቸውም የጊታር ግዥ ይቀድማል።

6. ለግዥ የሚኖረው ትርጉም

የመንግሥት ተቋማት ግዥ የቴክኒክ መስፈርቱን አሟልቶ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን የሚመርጥ በሆነበት ሁኔታ፣ መስፈርቱ «ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ደረጃውን የጠበቀ» ብቻ ቢል አንገቱ የጠመመው መሣሪያ ያሸንፍና መጋዘን ይገባል። የታዋቂ ፋብሪካ ስም መጻፍም መፍትሔ አይሆንም፤ በጀቱን በአንድ መሣሪያ ላይ ያሟጥጣል። የሚሻለው በርክክብ ጊዜ ሊፈተሹ የሚችሉ ነጥቦችን መጻፍ ነው፦ አንገቱ በጎን ሲታይ ያልተጠማዘዘ፤ የብረት ዘንጉ በመፍቻ የሚዞር፤ በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ፤ በ12ኛው ፍሬት ላይ የሚጫነው ድምፅ እዚያው ላይ አውታሩን በመንካት ብቻ ከሚገኘው ድምፅ ጋር የሚገጥም ወይም በብርኩማው እንዲገጥም ሊደረግ የሚችል፤ አውታሩ በኃይል ተገፍቶ ሲለቀቅ ወደ ቅኝቱ የሚመለስ። ከዋጋው ልዩነት የሚተርፈው ገንዘብ ለመለዋወጫ አውታር፣ ለማስተካከያ ሥራና ለተሻለ አምፕሊፋየር ቢውል የተሰሚው ጥቅም ይበልጣል።

7. ማጠቃለያ

ርካሽ የኤሌክትሪክ ጊታር አንገቱ ቀና፣ ፍሬቱ በቦታው ከሆነ፣ ቀሪውም በእጅ ከተቃና፣ ለቁም ነገር ሙዚቃ ይበቃል። ይህ ለአካባቢው ባህል አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ከእንጨት፣ ከቆዳና ከፈረስ ጭራ የሚሠራው ማሲንቆ በዋጋው ተመዝኖ አያውቅም፤ አዝማሪውም የሚታወቀው በጣቱና በቃሉ ነው። ለቀጣይ ጥናት የሚቀረው ቁም ነገር የሰሜን ሸዋ የክራርና የማሲንቆ ተጫዋቾች በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ የሚጠቀሙባቸውን የድምፅ ርቀቶች በሴንት መለካት ነው። ያ ልኬት ሲገኝ፣ ፍሬቶቹ ለእነዚህ ቅኝቶች የተተከሉ ጊታር በአገር ውስጥ ለመሥራት መሠረት ይሆናል።