መዘግየትና መሰልቸት፦ «ደመና» በ«ሮቦት ካርኒቫል» መድበል ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ1987 በጃፓን በቪዲዮ የወጣው «ሮቦት ካርኒቫል» የልዩ ልዩ አዘጋጆችን አጫጭር ሥራዎች የያዘ የአኒሜ መድበል ነው። ካትሱሂሮ ኦቶሞና አትሱኮ ፉኩሺማ ካዘጋጁት መክፈቻና መዝጊያ ሌላ ሰባት ክፍሎች አሉት። ሰባቱን የሚያገናኛቸው ሮቦት የሚለው ርእሰ ጉዳይ ብቻ ነው። ከእነዚህ መካከል ማናቡ ኦሃሺ ማኦ ላምዶ በሚል የብዕር ስም የሠራው «ደመና» ተመልካችን ለሁለት ይከፍላል። አንዳንዱ ከመድበሉ ሁሉ የላቀ ነው ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ የመድበሉን ጉዞ የሚያቋርጥ አሰልቺ ክፍል አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምጠይቀው ከሁለቱ ወገን ማን ልክ እንደሆነ አይደለም። የምጠይቀው «አሰልቺ» የሚለው ፍርድ ስለ ሥራው በእርግጥ ምን እንደሚነግረን ነው።

በክፍሉ የሚታየው ነገር በጥቂት ቃላት ይነገራል። የልጅ መልክ ያለው ሮቦት ይራመዳል። እርምጃው ዑደት ነው፤ ያው እግር ይነሣል፣ ያው እግር ያርፋል። ከበስተጀርባው ደመናት ይንከባለላሉ፤ በደመናቱም ውስጥ የሰው ልጅ ታሪክ፣ ዘመናዊነትና ሰው ራሱን በራሱ የማጥፋቱ ምስል ይፈራረቃሉ። ሥዕሉ በተለመደው የአኒሜ ደማቅ ቀለም የተሞላ ሳይሆን በጫር ጫር መስመር የተሠራ፣ የሕትመት ቅርጽ የሚያስታውስ ነው። ንግግር የለም። በመጨረሻ ሮቦቱ ሰው ይሆናል። በሥነ ጽሑፍ ሂስ መለኪያ ብንመዝነው መቼት የለውም ማለት ይቻላል፤ ግጭት የለውም፤ አንድ ድርጊት ሌላውን የሚወልድበት ሴራም የለውም።

ለቅሬታው በቀዳሚነት የሚቀርበው ምክንያት ዝምታው ነው፤ ይህ ግን አያስኬድም። በመድበሉ ውስጥ ንግግር ዋና ድርሻ ያለው በሁለት ክፍሎች ብቻ ነውና። ኮጂ ሞሪሞቶ ያዘጋጀው «የፍራንከን ጥርሶች» ያለ ንግግር የሚሄድ ሆኖ ሳለ በዝግታ አይከሰስም። አንድ ሳይንቲስት በመብረቅ ኃይል ለሮቦት ሕይወት ይሰጣል፤ ሮቦቱ የፈጣሪውን እንቅስቃሴ እየቀዳ ይማራል፤ ሳይንቲስቱ በደስታ ሲጨፍር ተደናቅፎ ይወድቃል፤ ሮቦቱም ይህንኑ ይቀዳና በላዩ ይወድቅበታል። እዚህ ዝምታው ሴራውን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ስለዚህ ተመልካቹ በ«ደመና» ያጣው ቃልን ሳይሆን የምክንያትና የውጤት ሰንሰለትን ነው። በ«ጥርሶች» ውስጥ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን ብሎ ይጠብቃል፤ በ«ደመና» ውስጥ ግን የሚጠበቀው አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ እርምጃው ይቀጥላል።

ከስምንት ዓመት በኋላ በወጣው «ሜሞሪስ» መድበል ውስጥ ኦቶሞ ራሱ ያዘጋጀው «የመድፍ ከተማ» ተመሳሳይ ቅሬታ ገጥሞታል። ኑሮው ሁሉ መድፍ መተኮስ የሆነ ከተማ፣ የማይታይ ጠላት፣ ከንጋት እስከ ምሽት የአንድ ቤተሰብ አንድ ቀን፤ ይኸው ነው። ምስሉ ሳይቆረጥ አንድ ወጥ ቀረጻ እንዲመስል ተደርጎ ስለ ተሠራ ዓይን ያለማቋረጥ ይጓዛል። እንቅስቃሴው ያን ያህል እያለም «ታሪክ የለውም» ከመባል አልዳነም። ይህ ንጽጽር የሚጠቁመው የቅሬታው ሥር ከምስሉ ፍጥነት ይልቅ በትረካው ዘንድ መፈለግ እንዳለበት ነው።

ፍጥነት ፈጽሞ አይመለከተንም ማለት ግን አይደለም። በአኒሜ ታሪክ ውስጥ አለመንቀሳቀስ የራሱ ትርጉም አለው። ኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ»ን እ.ኤ.አ. በ1963 በቴሌቪዥን ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ለማድረስ ሲባል ሥዕል መቆጠብ የሙያው ልማድ ሆነ። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ይሄዳል፤ አንድ ሥዕል ለሦስት ፍሬም ከተያዘ በሴኮንድ 8 ሥዕል ይበቃል። ገጸ ባሕርይው ቆሞ ዳራው ብቻ ሲንሸራተት፣ ወይም አንድ የእርምጃ ዑደት ደጋግሞ ሲዞር፣ የለመደ ተመልካች ወጪ መቆጠቡን ያውቃል። «ደመና» ይህንኑ የድህነት ምልክት ወስዶ የሥራው ዋና ሐሳብ አደረገው። እነዚያ በደመናቱ ውስጥ የሚለዋወጡት ምስሎች እጅግ የበዛ የእጅ ድካም የጠየቁ ናቸው፤ ድካሙ ግን የዋለው ዓይን ባልለመደው ቦታ፣ በዳራው ላይ ነው። ገጸ ባሕርይውን ብቻ የሚከታተል ሰው ምንም አላየሁም ቢል አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ነገር የክፍሉ ጎረቤቶች ናቸው። በጃፓኑ ቅጂ «ደመና» የተቀመጠው በሂሮዩኪ ኪታዙሜ የመዝናኛ ፓርክ ታሪክና በሂሮዩኪ ኪታኩቦ የግዙፍ ሮቦቶች አስቂኝ ውጊያ መካከል ነው። አንዱ ያለፈበትን ስሜት፣ ሌላው የሚመጣውን ሁካታ ይዘው ያጣብቡታል። በግጥም መድበል አንባቢ ገጽ ይገልጣል፤ ያልወደደውን ዘሎ የወደደውን ይደግማል። ፊልም ግን ቅደም ተከተሉን ይጭናል፤ ካሴት ሲሆን ደግሞ ማሳለፊያውን በተመልካቹ እጅ ይሰጣል። በቪዲዮ የሚወጣው አኒሜ እ.ኤ.አ. በ1983 በ«ዳሎስ» ከጀመረ በኋላ ያበበ ዘርፍ ነው፤ «ደመና» የተወለደው እንግዲህ ዝግታን በአንድ ጣት ማሳለፍ በሚቻልበት መሣሪያ ላይ ነው። ስትሪምላይን ፒክቸርስ ሥራውን በአሜሪካ ሲያቀርብ ደግሞ የክፍሎቹን ቅደም ተከተል ለውጦታል። የጃፓንና የአሜሪካ ተመልካች አስተያየት ሲነጻጸር ይህን የማይጠቅስ ጥናት፣ የቦታን ውጤት የባህል ውጤት አድርጎ ለመተርጎም ይጋለጣል።

እዚህ ላይ አማርኛችን የሚረዳን አንድ ልዩነት አለ። «ፊልሙ ሰለቸኝ» ስንል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ፊልሙ ነው፤ እኔ ተሳቢ ነኝ። «ፊልሙን ሰለቸሁት» ስንል ግን ባለቤቱ እኔ ነኝ። መጠይቅ የሚያዘጋጅ ተመራማሪ ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ ሳያውቀው ጥፋቱን ለአንዱ ወገን አስቀድሞ ያድላል። ሁለቱንም ለየብቻ መጠየቅ፣ ከዚያም «በየትኛው ደቂቃ?» ብሎ መከተል ይሻላል። መሰልቸት ጊዜ አለው፤ ገና በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የሰለቸና ምስሎቹ መደጋገም ሲጀምሩ የሰለቸ ሰው የተናገሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም።

የክፍሉ ወዳጆችም ከስሕተት ነጻ አይደሉም። «የሰለቸው ትዕግሥት የሌለው ነው» የሚለው መከላከያ ማንኛውንም ዝግተኛ ሥራ ከሂስ በላይ ያወጣዋል፤ ደካማውንም ጭምር። ለእኔ የ«ደመና» ድክመት ዝግታው አይደለም፤ ፍጻሜው ነው። ሮቦት ሰው ለመሆን መመኘቱ ከፒኖኪዮ ጀምሮ የታወቀ ምኞት ነው። ያን ያህል ጊዜ ምንም ቃል ሳይሰጥ በእርምጃና በደመና ብቻ የቆየ ሥራ በመጨረሻ ይህን የተዘጋጀ መልስ ሲያስረክበን፣ የቀደመውን ዝምታ ወደ ኋላ ተመልሶ ያሳንሰዋል። አንዳንድ ተመልካቾች «ይህን ለማለት ይህን ያህል ጊዜ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ከዝግታው ጋር ሳይሆን ከዚህ መልስ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል፤ መልሱ ባይመጣ ኖሮ ጊዜውን የሚለኩበት ነገር ባልነበራቸው።

ለዚህ ዓይነት ጥናት «ደመና»ን ለአንድ ቡድን ለብቻው፣ ለሌላው በጃፓኑ ቅደም ተከተል፣ ለሦስተኛው በአሜሪካው ቅደም ተከተል ማሳየት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሙከራ ነው። የመጨረሻውን ለውጥ ቆርጦ ለአራተኛ ቡድን ማሳየትም ይቻላል፤ ሮቦቱ ሮቦት እንደሆነ፣ ደመናቱ እየተንከባለሉ፣ ሲራመድ ይቀራል።