የበግ ጠጉር ለፈትል ስለ ማጠብ

በየካ፣ በካራና በቦሌ ዳርቻ በጎች የምታረቡ ገበሬዎች፣ እነርሱንም የምትረዱ የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ በኩል የሚመጡት በጎች በየበዓሉ በከተማችን ሲታረዱ፣ ጠጉራቸው ከነቆዳው በየመንገዱ ወድቆ ታያላችሁ። በመንዝ ግን ይህንኑ ጠጉር ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባና የሚባለው የደጋ ብርድ ልብስ የሚሠራው ከዚሁ ነው። ጠጉሩን ለፈትል የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው በአጠባቡ ላይ ነው።

ከማጠብ በፊት ግን ጠጉሩ ከምን በግ እንደ መጣ መርምሩ። በድንገት የሞተ፣ ይልቁንም ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር ደም የወጣው በግ አባ ሰንጋ ይዞት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን አትሸልቱ፣ አትግፈፉ፤ ፈጥናችሁ ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ። የዚህ በሽታ ዘር በጠጉርና በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ከዚህ በታች የምንጽፈው ሙቅ ውሃም አይገድለውም። በሽታው ሰውን ይገድላልና በዚህ ነገር ቸል አትበሉ።

ጤነኛውን በግ በደረቅ ቀን፣ በንጹሕ መሬት ላይ ሸልቱ። በፋንድያ የተጋገረውንና የሆዱን ጠጉር ለይታችሁ አውጡ፤ የቀረውን አራግፋችሁ ጭድና እሾኹን ልቀሙ። ከዚያም በሽንኩርት ከረጢት፣ በመረቡ ማለት ነው፣ ሳታጨናንቁ ክተቱትና ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት። ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ብታገኙ ይመረጣል። አቧራውና የበጉ ላብ በዚህ ይወጣል። ላቡ በውሃ የሚሟሟ ጨው ነው፤ ቅባቱ ግን ያለ ሙቀት አይለቅም።

በቦሌ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ 10 ሊትር የፈላ ውሃ ከ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጋር በሳፋ ብትቀላቅሉ 55 ዲግሪ ገደማ ይሆንላችኋል፤ መለኪያ አያስፈልግም። ለግማሽ ኪሎ ጠጉር አንድ የቡና ሲኒ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሩበት። በረኪና ከቶ አታስገቡ፤ ጠጉርን ያሟሟል። የአመድ ውሃም ይጎዳዋል። ከረጢቱን በእንጨት ቀስ አድርጋችሁ አጥልቁና 20 ደቂቃ ያህል ተዉት። ውሃው እስኪበርድ አትጠብቁ፤ የለቀቀው ቅባት ተመልሶ ይለጠፋልና። በግማሽ ሳሙና ድገሙት፤ ከዚያም ሳሙና በሌለው፣ ሙቀቱ ከፊተኛው ጋር በተመሳሰለ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁት።

ሙቀቱን ስለ ማመሳሰል አጥብቀን የምንነግራችሁ በከንቱ አይደለም። እኔ ከኮሌጅ እንደ ወጣሁ በአንድ ሠርቶ ማሳያ ላይ፣ በገበሬዎች ፊት፣ የአንድ በግ ሙሉ ጠጉር ከሙቅ ውሃ አውጥቼ በቀዝቃዛ ቧንቧ ሥር እንደ ሸሚዝ አሸሁት። ወዲያው ተቆላልፎ እንደ ኮርቻ ግላስ ጠነከረ። አንዲት እናት ነካ አድርገው አይተው፣ «ለፈረስ ይሆናል» ብለው ሳቁብኝ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ የጠጉር ዘንግ በዓይን የማይታይ፣ እንደ ዓሣ ያለ ቅርፊት አለው። ሙቀትና ሳሙና ባሉበት ሲታሽ ወይም ሙቀቱ በድንገት ሲለወጥ፣ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያፈታታውም። ስለዚህ ጠጉሩን አትሹ፣ አትጠምዝዙ፤ በመዳፍ ብቻ ተጫኑት።

ውሃው ከወጣለት በኋላ በሰሌን ላይ በጥላ አስጡት። ሲደርቅ በጣት አፍታቱት፤ ቀጥሎ በደጋን ነድፋችሁ ባዘቶ አድርጉት። ጥቂት ቅባት ቢቀርበት አትዘኑ፤ ለፈታይዋ ጣት ይመቻል።

ሳሙና ያልገባበትን የመጀመሪያውን መዘፍዘፊያ ውሃ አትድፉት፤ ፖታሽ ያለበት ስለ ሆነ በሌላ ውሃ አቅጥናችሁ ለጎመን ሥር አጠጡት። የሳሙናውን ውሃ ግን ከወንዝና ከጉድጓድ አርቃችሁ ድፉ። በሳሙና ፈንታ እንዶድ የምትጠቀሙም ከሆነ እንዲሁ አድርጉ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ማግኘታቸው የታወቀ ነው፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል።

ወዲያው የማይፈተለውን ጠጉር በሚገባ አድርቃችሁ፣ ብል እንዳይበላው በተዘጋ ዕቃ አስቀምጡት።