ያረጁ ግን ያልበረዱ ከዋክብት



በግንቦት ምሽት ደመና ከሌለ፣ ከከተማ መብራት ራቅ ብላችሁ ወደ ደቡብ ተመልከቱ። ጭጋግ የመሰለች ደብዛዛ ነጥብ ታያላችሁ። ኦሜጋ ሴንታውሪ ትባላለች። የጥንት ሰዎች አንድ ኮከብ ናት ብለው መዝግበዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1677 ኤድመንድ ሃሌይ ተራ ኮከብ አለመሆኗን አስተዋለ። ዛሬ እንደምናውቀው ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ከዋክብት እንደ ንብ መንጋ የታጨቁባት ክምችት ናት። ሱብሐነላህ! ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 17,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

አብዛኞቹ ከዋክብቷ 12 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ኖረዋል። ፀሐያችን ገና 4.6 ቢሊዮን ዓመቷ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። በጣም የጋሉ ሰማያዊ ከዋክብት አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ ነዳጃቸውን ቶሎ ጨርሰው ይሞታሉ። ታዲያ በዚህ የሽማግሌዎች መንደር ውስጥ ሰማያዊ ከዋክብት ምን ይሠራሉ?

መልሱ፦ ወጣቶች አይደሉም። እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ በመሐሉ ያለው ሃይድሮጅን ሲያልቅ ያብጥና ይቀላል፤ የውጭ ልብሱም ወደ ሕዋ ይበተናል። ከዚያ መሐሉ የተጠራቀመው ሂሊየም መንደድ ይጀምራል። ብዙ ልብስ የተረፈው ኮከብ ቀላ ብሎ ይቆያል። ስስ ሽፋን ብቻ የቀረው ግን ገጹ ከ20,000 ዲግሪ በላይ ይግላል። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ገደማ ነው። ቡና ሲፈላ አይታችሁ የለ? አመዱን እፍ ሲሉት ፍሙ ይወጣል።

አብዛኛውን ብርሃናቸውን፣ አልትራቫዮሌቱን፣ የምድር አየር ያግደዋል። ስለዚህ በደንብ የታዩት እንደ ሀብል ባሉ የሕዋ ቴሌስኮፖች ነው። አንዳንዶቹ ለምን ያን ያህል ልብስ እንደሚጥሉ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

እስኪ እናስተንትን። ቀለሙን ብቻ ያየ ሰው «ይሄ ወጣት ነው» ብሎ ይፈርድ ነበር። እውነቱ የተገኘው የት እንደሚኖር፣ ከእነማን ጋር እንደተወለደ፣ ምን እንዳሳለፈ ተጠይቆ ነው። እኛስ በአንድ ፎቶ፣ በአንድ ፖስት ስንት ሰው ላይ ፈርደናል?

ዛሬ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ጥግ ይዘው ዝም ብለው የሚቀመጡትን አባት ጠጋ ብላችሁ ሰላም በሏቸው። ስላሳለፉት ጠይቋቸው። ከአመዱ ሥር ፍም አለ።

አላህ አይተው ከሚያስተነትኑት ያድርገን። አሚን።