ማንቲስ፦ መልኩ፣ አመጋገቡና በማሳ ውስጥ ያለው ድርሻ

በአጥር ቁጥቋጦ ላይ ወይም በበቆሎ ማሳ ውስጥ የፊት እግሮቹን አጥፎ፣ ደረቱን ቀና አድርጎ፣ ሳይነቃነቅ የሚቆም ቀጭን ፍጥረት ሳታዩ አልቀራችሁም። ሊቃውንት ማንቲስ ይሉታል። ስሙ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ከሚጠራበት የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1758 ለአውሮፓው ዝርያ ስም ሲያወጣ መንፈሳዊ የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ጨምሮለታል። ይሁን እንጂ ጸሎት የሚመስለው አቋቋሙ የአደን ዝግጅት ነው። በዚህ ጽሑፍ የማንቲስን መልክ፣ አመጋገብና ጠባይ ከተመለከትን በኋላ፣ ገበሬው በማሳው ሲያገኘው ሊያስብበት የሚገባውን እናመለክታለን።

መልኩ

በዓለም ላይ ከ2,400 የሚበልጡ የማንቲስ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት በሞቃት አገሮች ነው። ሲያዩት ፌንጣ ቢመስልም የቅርብ ዘመዶቹ በረሮና ምስጥ ናቸው። ጭንቅላቱ ባለ ሦስት ማዕዘን ሲሆን፣ በሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቹ መካከል ሌሎች ሦስት ጥቃቅን ዓይኖች አሉት። ጭንቅላቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሰፊው ማዞር ስለሚችል ገላውን ሳያንቀሳቅስ የሚያልፈውን ሁሉ ይከታተላል። በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅግ ጥቃቅን መነጽሮችን በሰም አጣብቀውለት ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ማንቲስ የሁለቱን ዓይኖቹን እይታ አዋህዶ ርቀትን እንደሚመዝን አረጋግጠዋል። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቀለሙ ከቅጠልና ከደረቅ ሣር ጋር ያመሳስለዋል፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅጠል መስለው ወዲያና ወዲህ የሚሉም አሉ።

አመጋገቡ

ማንቲስ የሚበላው ሌላውን ፍጥረት አድኖ ነው፤ ቅጠልና እህል ምግቡ አይደሉም። ስለዚህ በተበሳ ቅጠል ላይ ተቀምጦ ቢገኝ ቅጠሉን የበሳው እርሱ አይደለም። ዝንብን፣ የእሳት እራትን፣ ፌንጣንና አባጨጓሬን ያድናል። የፊት እግሮቹ እንደ መጋዝ ጥርስ በተደረደሩ እሾሆች የታጠቁ በመሆናቸው የያዙትን አይለቁም። ያነጣጠረበትን ለመያዝ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፤ ከያዘም በኋላ ከነሕይወቱ መብላት ይጀምራል። ሆኖም ማንቲስ የሰውን ወዳጅና ጠላት ለይቶ አያድንም። አበባ ላይ አድፍጦ ንብ ይበላል፤ ሲርበው የገዛ ወገኑንም አይምርም።

ጠባዩ

ሴቷ በሚዳሩበት ጊዜ ወንዱን ትበላለች የሚባለው እውነትነት ቢኖረውም ሁልጊዜ የሚሆን አይደለም፤ በተለይ የጠገበች ሴት ይህን የምታደርገው ከተራበችው ባነሰ ጊዜ ነው። እንቁላሎቿን በአረፋ ሸፍና በግንድ፣ በአጥር ወይም በድንጋይ ላይ ታጣብቃለች። አረፋው ደርቆ ጠንካራ ከረጢት ይሆናል፤ በውስጡም እንደ ዝርያው ከጥቂት ደርዘን እስከ ብዙ መቶ እንቁላሎች ይገኛሉ። የሚፈለፈሉት ልጆች ክንፍ የላቸውም እንጂ ወላጆቻቸውን ይመስላሉ። ቆዳቸውን ደጋግመው እየቀየሩ ያድጋሉ፤ ለአካለ መጠን ለመድረስም ወራት ይፈጅባቸዋል።

ለገበሬው ምን ይጠቅማል?

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውን የመጤ ተምች ወረርሽኝ ማንቲስ ብቻውን ይገታል ብንል አንባቢን ማሳሳት ይሆንብናል። ተምቹ በሞቃት ወቅት በአንድ ወር ገደማ አዲስ ትውልድ ይተካል፤ ማንቲስ ግን የሚያድገው በዝግታ ነው፤ የሚበላውም ያገኘውን ሁሉ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ከሸረሪት፣ ከጉንዳን፣ ከወፍና ከሌሎች አዳኞች ጋር ሆኖ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ሲቀንስ ነው። ያለ ልዩነት ሁሉን የሚገድል ፀረ ተባይ በተረጨ ቁጥር እነዚህ አዳኞች አብረው ያልቃሉ። ተባዩ ቶሎ ሲያንሰራራ እነርሱ ወደ ኋላ ስለሚቀሩ፣ ገበሬው ዳግመኛ ለመርጨትና ዳግመኛ ለማውጣት ይገደዳል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንመክራለን። አንደኛ፣ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ማሳውን በጠዋት መዞር፣ የቅጠሉን ሙሽራና ጀርባ መመልከት፣ ተባዩንና አዳኙን ለይቶ መቁጠር ይገባል፤ ተምቹ በርትቶ ከተገኘም የግብርና ባለሙያን ማማከር አይዘግይ። ሁለተኛ፣ አጥር ሲመለመል የእንቁላል ከረጢት የያዘ ቅርንጫፍ ቢገኝ ከማቃጠል ይልቅ ከአጥሩ ጋር ማሰር ይበጃል። ሦስተኛ፣ ልጆች ማንቲስን ሲያዩ እንዳይገድሉት እናስተምራቸው፤ ለሰውም ሆነ ለከብት የሚተርፍ መርዝ የለውም። ነገር ግን በቀፎ ደጃፍ ላይ ንብ ሲጠብቅ ከተገኘ በእንጨት አንስቶ ወደ ማሳው ማሻገር ነው።