ስለ ኮምፒዩተር ወኪልና የክፍያ ሥልጣኑ

ነጋዴ ለወኪሉ ገንዘብ ሲያስረክብ የሥልጣኑን ወሰን በጽሑፍ ይወስናል። ዛሬ በነጋዴው ፈንታ ዋጋ አነጻጽሮ የሚገዛ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተገኝቷል። የአሜሪካው ኮይንቤዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ኤክስ 402 በተባለው ሥርዓት፣ ሻጩ ዋጋውን ያስታውቃል፤ ፕሮግራሙ የክፍያውን ትእዛዝ በምስጢር ቁልፍ ይፈርማል፤ ሒሳቡም ብዙ ኮምፒዩተሮች በጋራ በሚጠብቁት ብሎክቼይን በተባለው መዝገብ ይወራረዳል። በዚያው ዓመት የቀረበው ኢአርሲ 8004 የተባለው ደንብ ደግሞ ለእነዚህ ወኪሎች የማንነት፣ የመልካም ስምና የሥራ ማረጋገጫ መዛግብትን አቅዷል።

ይሁን እንጂ ፊርማው ትእዛዙ ከቁልፉ መምጣቱን እንጂ የዕቃውን ጥራት አይመሰክርም፤ በመዝገቡ የጸና ክፍያም ሻጩ በፈቃዱ ካልመለሰው አይመለስም። ስለዚህ ነጋዴው ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት የገንዘቡን ልክ፣ የሻጮቹን ዝርዝርና ውክልናው የሚያበቃበትን ቀን መወሰን ይገባዋል።