ትዕዛዙ በግማሽ ሲቀነስ ወጪው ለምን በግማሽ አይወርድም?

አንድ መንግሥት ሊገዛቸው ካቀዳቸው ወታደራዊ ሄሊኮፕተሮች ግማሹን መተዉን ሲያስታውቅ፣ ዜናውን የሰማ ሰው ወጪውም በግማሽ የወረደ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን አይወርድም። ምክንያቱ ያለው የአንድ ሄሊኮፕተር ዋጋ በሚሰላበት መንገድ ላይ ነው።

ዋጋው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ፋብሪካው እያንዳንዱን ሄሊኮፕተር ሠርቶ ለማውጣት የሚከፍለው ነው፤ ሞተሩ፣ አካሉ፣ የሠራተኛው ደመወዝ። ሁለተኛው አንድም ሄሊኮፕተር ለጦሩ ሳይደርስ የሚወጣው የንድፍ፣ የምርምርና የበረራ ሙከራ ወጪ ነው። ይህኛው አሥርም ተገዛ ሺህ ያው ነው። በኮንትራት የተያዘ ሚኒባስ ላይ ከተጓዦቹ ግማሾቹ ቢቀሩ ሹፌሩ ሒሳቡን አይቀንስም፤ መዋጮው በሚሄዱት ላይ ይከብዳል እንጂ።

በምሳሌ እናስላው። ለንድፍና ለሙከራ 10 ቢሊዮን ዶላር ወጣ፣ አንዱን መሥራት ደግሞ 10 ሚሊዮን ይፈጃል እንበል። 1,000 ቢታዘዝ ጠቅላላ ወጪው 20 ቢሊዮን፣ የአንዱ ዋጋ 20 ሚሊዮን ይሆናል። ትዕዛዙ ወደ 500 ሲወርድ ጠቅላላው 15 ቢሊዮን ነው፤ የአንዱ ዋጋ ግን 30 ሚሊዮን ይደርሳል። ግማሹን ሄሊኮፕተር ያጣው መንግሥት የቆጠበው የወጪውን ሩብ ብቻ ነው። በጀት የሚያጸድቁት ሰዎች ደግሞ የአንዱን ዋጋ አይተው «በጣም ተወደደ» ይሉና እንደገና ይቀንሳሉ፤ ዋጋውም እንደገና ይወጣል።

የአሜሪካው ኮማንቺ በዚህ አዙሪት ውስጥ አልፏል። ይህ የቅኝት ሄሊኮፕተር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲታሰብ ጦሩ ከ5,000 በላይ ለመግዛት አቅዶ ነበር። ቦይንግና ሲኮርስኪ በጋራ እንዲሠሩት በ1991 ተመረጡ፤ በ1996 የመጀመሪያው በረረ። ዕቅዱ ግን መጀመሪያ ወደ 1,300 ገደማ፣ በ2002 ደግሞ ወደ 650 ወረደ። በየካቲት 2004፣ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከወጣ በኋላ፣ ፕሮግራሙ ጨርሶ ተሰረዘ። እስከዚያ ተሠርተው የበረሩት ሁለት የሙከራ ሄሊኮፕተሮች ብቻ ነበሩ።

ሆኖም መሰረዝና መቀነስ አንድ አይደሉም። ሰባቱ ቢሊዮን ፕሮግራሙ ቢቀጥልም ቢቆምም የወጣ ገንዘብ ነው፤ ውሳኔው መመዘን ያለበት ገና ባልወጣው ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር በቀጣዮቹ ዓመታት ለኮማንቺ ሊያውለው የነበረውን 14.6 ቢሊዮን ዶላር ወደ 800 የሚጠጉ ሌሎች ሄሊኮፕተሮችን ለመግዛትና 1,400 ያህል ነባሮችን ለማደስ መደበው። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ይዋጋ የነበረ ጦር ነባሮቹን በትከሻ ከሚተኮስ ሚሳይል መከላከል ነበረበት፤ የቅኝቱን ሥራም ሰው አልባ አውሮፕላኖች መጋራት ጀምረው ነበር።

የብሪታንያ ጉዳይ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። በታኅሣሥ 2009 የነበረው መንግሥት በአፍጋኒስታን የጠፉትን ሁለት ከመተካት ሌላ 22 ተጨማሪ ቺኑክ ሄሊኮፕተሮች እንደሚገዛ አስታወቀ። በ2010 ሥልጣን የያዘው መንግሥት 22ቱን ወደ 12 አወረዳቸው። ቺኑክ መጀመሪያ የበረረው በ1961 ስለሆነ መሠረታዊ የንድፍ ወጪው ከተከፈለ ቆይቷል፤ የማምረቻ መስመሩም ለአሜሪካ ጦር ሲባል ይሠራ ነበር። ስለዚህ ቅነሳው እንደ ኮማንቺው የአንዱን ዋጋ ወደ ሰማይ አይሰቅልም፤ የተተወው እያንዳንዱ ሄሊኮፕተር ነዳጁን፣ መለዋወጫውንና የአብራሪዎቹን ሥልጠና ጭምር ያስቀራል። የሚጎድለው ሌላ ነገር ነው፦ ወታደርና ስንቅ የማንሳት አቅም። በአፍጋኒስታኗ ሄልማንድ ግዛት መንገዶች ፈንጂ ይቀበር በነበረበት ጊዜ በአየር ያልተጓጓዘ ወታደር በመሬት መሄዱ አይቀርም ነበር።

እንግዲህ የቅነሳ ዜና ሲሰማ የሄሊኮፕተሮቹ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የንድፉ ገንዘብ አስቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ቁጠባው ከሚታወጀው ያነሰ ነው። ንድፉ ያረጀና በብዛት የሚመረት ከሆነ ቁጠባው እውነተኛ ነው፤ ያኔ መጠየቅ ያለበት ሥራውን በምትካቸው ማን እንደሚሠራው ነው።